በካምስቶን የመጨረሻው የስም ቀን

ኦይቫ ራውቲዮ በረዶ ሠሪ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። በሰሜን ኦንታሪዮ፣ የዓመቱን ግማሽ በረዶ ከሰማይ በነፃ በሚወርድበት፣ ሰው ጠዋት ከቤቱ ለመውጣት አካፋ በሚያነሳበት አገር በረዶ መሥራት ምን የሚሉት እንጀራ ነው? ይሳቁ። የከተማችን የካምስቶን ሰው ግን አንድ ቀን ስቆበት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ከደቡብ አንድ ሰው መጥቶ ስለ በረዶ ሆኪ ቡድናችን ቀጭን መጽሐፍ ጻፈ። የተመሠረተበት ዓመት አለ፣ ዋንጫ የበላበት ዓመት አለ፣ የፈረሰበት ዓመት አለ፤ ማን ስንት ጎል እንዳገባ በሰንጠረዥ ተደርድሯል። የመጨረሻው ባለቤት የራስል ሃዶው ፎቶግራፍ ሙሉ ገጽ ይዟል፤ ከነከረባቱ። የኦይቫን ስም ከዳር እስከ ዳር ብትፈልጉ አታገኙትም። ያ ሁሉ ጎል ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የገባው በማን በረዶ ላይ ሆነና? መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ወርውሬው ወጣሁ። እስካሁንም ንዴቴ አልበረደም፤ ስለዚህ እኔው ልናገር።

የኦይቫ አባት ከፊንላንድ መጥቶ ጫካ ውስጥ ዛፍ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ጣውላ ፋብሪካ ገባ፤ በሃያ ሦስት ዓመቱ መጋዙ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። በዚያው ሰሞን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራተኛው መጠጥ ቤት ውስጥ ሲፈነካከት ማየት ሰልችቶት፣ «መፈነካከታችሁ ካልቀረ ሰው ከፍሎ ይያችሁ» ብሎ የበረዶ ሆኪ ቡድን አቋቋመ ይባላል። «ጣውላ ሰንጣቂዎች» ተባሉ። ዓመቱ 1957 ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጣውላ ሲሰነጥቁ የዋሉ ጎረምሶች ነበሩ ማታ ዱላ ይዘው በረዶው ላይ የሚንሸራተቱት፤ ትንሽ ቆይቶ ከሞንትሪያልና ከዊኒፔግ በደሞዝ የሚመጡ ተጫዋቾች ተጨመሩበትና የለየለት ፕሮፌሽናል ቡድን ሆነ። ጣቱ የጎደለውን ኦይቫን ደግሞ ፋብሪካው፣ «ሂድና በረዶ የሚሠራውን ሽማግሌ አግዝ» አለው። በካሳ ፈንታ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ሽማግሌው ፕሮኮፕ የሚባል ዩክሬናዊ ነበር። ምላሱ መራራ፣ እጁ ግን ወርቅ። «ውሃውን አትድፋው፣ ከብት አይደለም የምታጠጣው» እያለ ነው ኦይቫን ያስተማረው። ሲሚንቶው ወለል ውስጥ ቧንቧ ተቀብሯል፤ ጓዳ ያለው ሞተር ቀን ከሌት እያጉረመረመ ቅዝቃዜውን ይገፋበታል። ከላይ ውሃ እንደ ካፊያ በስሱ ይረጫል። ውሃው ቀዝቅዞ ሲጠነክር ነጭ ቀለም ይቀባል፣ በነጩ ላይ ቀዩና ሰማያዊው መስመር ይሰመራል። ከዚያ ውሃ በላይ በላይ ይደረባል፤ የታችኛው ሳይጠነክር የላይኛው አይጨመርም፤ ሁለት ጣት ያህል እስኪወፍር ሦስት ቀን ይፈጃል። የቸኮለ ሰው የሠራው በረዶ በሁለተኛው ሳምንት ይሰነጠቃል።

በ1959 በመኸር፣ የፕሮኮፕ ጓደኛ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ግንድ ተንዶበት ሞተ። ሰውየው አንድም ጨዋታ አያመልጠውም ነበር። ፕሮኮፕ ነጩ ቀለም ሲደርቅ ቀጭን ብሩሽ አነሳና፣ የእኛ ተጫዋቾች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ፊት ለፊት የጓደኛውን ስም በጥቁር ጽፎ ውሃ ረጨበት። «እዚህ ጋ ይሁን፣ አሠልጣኙ ሲሳደብ ይስማ» አለ። ሌላ ጸሎት አላደረገም።

በዓመቱ ባሏ የሞተባት ሴት መጥታ «የኔንም» አለች። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። በየመኸሩ፣ በዚያ ዓመት ደጋፊ የሞተበት ቤተሰብ ስም ይዞ ይመጣል፤ ስሙ በረዶው ሥር ይገባል። እስከ መጋቢት ድረስ ተጫዋቾቹ በላዩ ይመላለሱበታል። የጫማቸው ስለት በረዶውን ስለሚጭረው ከላይ ሆኖ አይነበብም፤ እንደ ጥላ ነው የሚታየው። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ በተጫወቱ ማግስት ደግሞ የስም ቀን ነው። ኦይቫ ተንበርክኮ ስሙ ያለበትን ቦታ በመፋቂያ ይገፍፈዋል፤ ከዚያ ለቤተሰቡ ማንቆርቆሪያ ይሰጣል፤ እነሱ በእጃቸው ሙቅ ውሃ ያፈሱበታል። የተጫረው በረዶ ወዲያው እንደ መስተዋት ይጠራና ስሙ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይደበዝዛል፤ እነሱም እንደገና ያፈሳሉ። ሲበቃቸው ይሄዳሉ። በሳምንቱ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሁሉም ይቀልጣል።

ፕሮኮፕ ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ ማንም አይጠራም፤ የመጣ ይምጣ፣ የቀረ ይቅር። ሁለተኛው፣ የመጣን ሰው ማንም አያጣድፍም፤ እዚያው ቢውል ይዋል። በ1964 ፕሮኮፕ ራሱ ሞተ። ስሙን የጻፈው ኦይቫ ነው፤ ዘመድ አልነበረውምና ውሃውን ያፈሰሰለትም ኦይቫ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት አሁን ሳስባቸው ያንገበግበኛል፤ ጥሩ ስለነበሩ ነው የሚያንገበግበኝ። በ1968 ዋንጫ በላን። ቡድኑን ግንድ በሚጭን መኪና ላይ አውጥተን ከተማውን አዞርነው፤ በረኛው ሰክሮ ከመኪናው ወደቀና ጥርሱን ሰበረ፤ ዓመቱን ሙሉ ጨዋታ ላይ አንድም ምት ፊቱን ሳይነካው ከርሞ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ የኦይቫ ሚስት ሌምፒ እና የመዶሻና የሚስማር ሱቅ ያላት ኤልስፔት ሃዶው። ሌምፒ ዝምተኛ ናት፤ ቀረፋ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ ታመጣለች። ኤልስፔት ዳቦውን ትበላለች፣ ሹራብ ትሠራለች፣ ሁለት እጇም አፏም ሥራ ላይ ነው። «ዳኛ፣ መነጽርህን ቤት ረስተኸው ነው? ሱቄ ናና ባትሪ ልሽጥልህ» ስትል ዳኛው ራሱ ይስቃል። ሃያ ስድስት ዓመት አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ።

የኤልስፔት ባል አንገስ በ1971 ልቡ ቀጥ ብላ ሞተ። ልጃቸው ራስል ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በስም ቀን ማንቆርቆሪያውን ተቀበለና ቆመ። አላፈሰሰም፣ አላለቀሰም፣ ቆመ ብቻ። ኤልስፔት ትንሽ ጠብቃ፣ «ተወው ኦይቫ፣ ይሄ ልጅ ለማልቀስ ጊዜ ይፈጅበታል» ብላ ወጣች። ኦይቫ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ተነስቶ ይቀይርለታል፤ ሦስት ጊዜ ቀየረለት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከቆመ በኋላ ልጁ አፈሰሰ። የአባቱ ስም ሲወጣ ተንሰቅስቆ አለቀሰና አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ፣ «አመሰግናለሁ ሚስተር ራውቲዮ» ብሎ ሄደ። ይህን ያዙልኝ።

በ1983 ፋብሪካው ተዘጋ። ቡድኑን የከተማው ሰው አምስት ዓመት በኬክ ሽያጭና በሎተሪ አቆየው። ተጫዋቾቹ ቀነሱ፣ አውቶቡሱ አረጀ፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መብራቱ ይበራል። በ1988 ራስል ሃዶው ቶሮንቶ ቤት እየገዛ እየሸጠ ከብሮ መጣና ቡድኑን ገዛው። በረዶው መሃል ላይ ምንጣፍ አስነጥፎ፣ ማይክሮፎን ይዞ፣ «እኔ የእናንተ ልጅ ነኝ፤ ሰንጣቂዎቹ ከካምስቶን የትም አይሄዱም» አለ። ቆመን አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እጄን ይቁረጠውና።

በመጀመሪያው ዓመት አረንጓዴውን መለያ ሐምራዊ አደረገው። ሐምራዊ ጣውላ አይተው ያውቃሉ? በሁለተኛው ዓመት የአሮጊቶቹን ሦስተኛ ረድፍ ከቶሮንቶ ለሚያመጣቸው እንግዶች ሊሰጥ ሞክሮ እናቱ ሹራቧን እንደያዘች አልነሳም አለችው። ኦይቫን «ኦይቫ፣ አንተ፣ እዚህ ና» እያለ ነበር የሚጠራው። ሚስተር ራውቲዮ ድሮ ቀረ። ኦይቫ ጥርሱን ነክሶ ያልፈዋል። ቤት ሲገባ ለሌምፒ፣ «ልጁ ዛሬም አንቱታውን ቶሮንቶ ረስቶት መጣ» ይላታል፤ ሌምፒ ትስቃለች።

በ1991 ግንቦት ላይ ሌምፒ ሞተች። ለሦስት ወር ታማ ነበር። በነሐሴ ደግሞ ኤልስፔት ሆስፒታል ተኛች። ኦይቫ ሊጠይቃት ሲገባ ትራሷን ደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ብራና መስሏል፣ አፏ ግን ያው ነው።

«አበባ አላመጣህም?»

«አበባ ሲያዩ ያስነጥስዎታል ወይዘሮ ሃዶው።»

«ጎበዝ። ተቀመጥ። ሌምፒን የት ልታደርጋት ነው?»

«መሃል ላይ። አሠልጣኙ ከሚቆምበት ፊት ለፊት።»

«እኔን ከጎኗ አድርገኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ዳቦዋን በልቼ አሁን ከማን ጋር ልቀመጥ?»

«እሺ። ግን ምን አስቸኮለዎት፣ ገና…»

«ኧረ ተው፣ አታሞኘኝ። ስማ። ራስል ይመጣል።»

ኦይቫ ግንባሩን ቋጠረ።

«ፊትህን አትጨማድድብኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ፣ የወለድኩት እኔ ነኝ። ግን በስም ቀን ይመጣል። ሲመጣ አታጣድፈው። ያ ልጅ ጊዜ ይፈጅበታል፤ አንተም ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«አላጣድፈውም። ባጣድፈው የሌምፒ አጥንት ይፋረደኝ።»

ኤልስፔት እጁን፣ ሁለት ጣት የጎደለውን እጁን፣ ቸብ ቸብ አድርጋ «በል ሂድ፣ ነርሷ ካየችህ ትጮህብናለች» አለችው። በአምስተኛው ቀን ሞተች። ራስል ከቶሮንቶ በጠዋት አውሮፕላን መጥቶ ቀብሮ በማታው ተመለሰ። ኦይቫ በጥቅምት ነጩን ቀለም ሲቀባ የኤልስፔትን ስም ከሌምፒ ጎን ጻፈው። በዚያ ዓመት ሃያ አንድ ስም ነበረው።

በየካቲት ቡድኑ መሸጡን ሰማን። ከማን ሰማን? ከሬዲዮ። ቁርስ ላይ እንቁላል እየበላን። ተጫዋቾቹም አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ከዚያው ሬዲዮ ነው የሰሙት። ሰንጣቂዎቹ በረዶ በፍሪጅ ብቻ ወደሚታወቅበት የደቡብ ከተማ ሊሄዱ ነው፤ ስማቸውም ይቀየራል። ሰው ሁሉ ሰይጣን እንደነካው አበደ፤ ስብሰባ ጠሩ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ የራስልን መስኮት በበረዶ ኳስ ደበደቡ። ኦይቫ ፊርማም አልፈረመም፣ አልጮኸምም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ራስል ቢሮ ገባ።

«ሞተሩስ?»

«ሞተሩም ተሽጧል» አለ ራስል፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «የሜዳው አጥርም፣ መስታወቱም። ከመጨረሻው ጨዋታ ማግስት፣ እሁድ ቀትር ላይ ጫኞቹ ይመጣሉ። አንተ ቀትር ላይ ሞተሩን ታጠፋለህ፤ እነሱ በረዶውን ሰባብረው ያወጡታል።»

«እሁድ የስም ቀን ነው።»

«አውቃለሁ። እስከ ቀትር ጊዜ አለህ።»

«ሃያ አንድ ስም ነው ያለኝ።»

«በደንብ ካስኬድከው ይበቃሃል። ለአንዱ አሥር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

«ካስኬድከው? ዳቦ ቤት ወረፋ ነው እንዴ?»

«ኦይቫ፣ ውል ፈርሜያለሁ። ቀትር ማለት ቀትር ነው።»

«አንተ ራስህ ያኔ አባትህን…»

«አባቴን ተወው» አለ ራስል። ያኔ ብቻ ነው ቀና ያለው። «ሥራህን ሥራ።»

ኦይቫ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የቡድኑ ዕቃ ያዥ፣ የተጫዋቾቹን የጫማ ስለት የሚስለው ሬዣን፣ ቆሞ ነበር። «ምን አለህ?» ሲለው «ሰዓት ግዛ አለኝ» ብሎት አለፈ።

የመጨረሻውን ጨዋታ አራት ለአንድ ተሸነፍን። እሱን ተዉት። እሁድ ንጋት ላይ ኦይቫ በሩን ለሰው ከመክፈቱ በፊት ብቻውን ገባ። የሌምፒን ስም ገፈፈው፤ አንድ ማንቆርቆሪያ አፈሰሰ። ስሟ ወጣ። ሲደበዝዝ ሁለተኛ ለማፍሰስ ጎንበስ እንዳለ በሩ ተንኳኳ፤ ሰው ብርድ ላይ ተሰልፏል። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠና ሄዶ ከፈተ። ሠላሳ ሦስት ዓመት አብራው ለኖረችው ሚስቱ የደረሳት ያቺ ብቻ ናት።

ከዚያ ጀመረ። ሬዣን ስም ዝርዝሩን ይዞ በር ላይ ቆመ፤ ኦይቫ ይገፍፋል፣ ውሃ ይሰጣል፣ ይጠብቃል። ሁለት ቤተሰብ፣ ሦስት ቤተሰብ እንደተለመደው ሄደ። አራተኛው ላይ ሰዓቱን አየ። ኦይቫ በስም ቀን ሰዓት ሲያይ ሳየው ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው። አምስተኛዋ የዚያ ጥርሱን የሰበረው በረኛ እናት ነበረች፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ለመንበርከክ ብቻ ስንት ደቂቃ ፈጀባት። ሁለተኛውን ውሃ ስትጠይቀው ኦይቫ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ይቅርታ እናቴ፣ የሚቀጥሉት እየጠበቁ ነው» አላት። ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ እንደተሳሳተ ልጅ ነው ያየችው። «እሺ ልጄ፣ እሺ» ብላ ተነሳች፤ ጓንቷን እዚያው ረስታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ኦይቫ የሰው ፊት አላየም። «ይበቃል።» «ቶሎ እንበል።» «ቀጣይ።» ከአፉ በወጣ ቁጥር መንጋጋው ሲጠብቅ እኔ ከሦስተኛው ረድፍ ሆኜ ይታየኛል። ሠላሳ ሦስት ጊዜ የስም ቀን ሲያደርግ አንድ ሰው አጣድፎ አያውቅም፤ ያን ቀን ጠዋት አሥራ አምስት ሰው አጣደፈ።

ራስል ከጠዋት ጀምሮ ከሞተሩ ክፍል በር አጠገብ ቆሟል። ረጅም ካፖርት ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ። አንድ እርምጃ ወደ አግዳሚው አልተጠጋም። ሰው ሁሉ በጎን እያየው ያልፋል። «ሰዓት ሊቆጣጠር ነው የቆመው፣ ውሻ» ይላል አንዱ። «እናቱ እኮ እዚያ ናት» ይላል ሌላው። «ምን አገባው፣ እሷንም ሸጧት ይሆናል» ይላል ሦስተኛው።

ለቀትር አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሃያው ስም አለቀ። አንድ ቀረ። ሕጉ ማንም አይጠራም ነው። ኦይቫ መፋቂያውን ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ በረዶውን በቀጥታ አቋርጦ ራስል ፊት ሄደ።

«አንድ ቀርታለች» አለው።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ» አለ ራስል። «አልቻልኩም።»

«እኔ ችዬ ነው? ና።»

ተከተለው። ኦይቫ ተንበርክኮ ከሌምፒ ስም ጎን ያለውን ቦታ ገፈፈው። ማንቆርቆሪያውን ሞላና ሰጠው። ራስል ተቀበለና ቆመ። አላፈሰሰም። ውሃው እጁ ላይ ይጨሳል። ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ከበረዶው ሥር ጥላው ብቻ ይታያል። ከውጭ የጫኞቹ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ግድግዳው ላይ ያለው ትልቁ የጨዋታ ሰዓት ቀትር ሲሞላ ሁላችንም አየነው።

«ሚስተር ራውቲዮ» አለ ራስል። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ወዲህ እንዲህ ብሎት አያውቅም። «ትንሽ ይጠብቁኝ። እባክዎ። አሥር ደቂቃ።»

ኦይቫ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንገቱ እንደ በርበሬ ቀላ። በዚያች ቅጽበት በአእምሮው ምን እንዳለፈ ኋላ ለሬዣን ነግሮታል፦ የበረኛው እናት ጓንት እዚያው ወድቋል፣ ሌምፒ አንድ ማንቆርቆሪያ ነው የደረሳት፣ ይሄ ሰው ግን አሥር ደቂቃ ይለምነኛል። ደሙ ጭንቅላቱ ላይ ወጣ። እሱም በተራው አንቱ አለው፦

«ቀትር ነው ሚስተር ሃዶው። ቀትር ማለት ቀትር ነው ብለዋል።»

ጀርባውን ሰጥቶት ሞተሩ ክፍል ገባና እጀታውን ወደ ታች ሳበው። ሞተሩ አጉረመረመ፣ አነከሰ፣ ቆመ። ያ ድምፅ በብርዱ ወራት ሁሉ ጆሯችን ውስጥ የኖረ ስለሆነ፣ ሲቆም ነው እንዳለ ያወቅነው። ጫኞቹ ትልቁን በር ከፍተው ባለ አካፋውን መኪና አስገቡ። ራስል እጁን ቢያነሳ ይቆሙ ነበር፤ ጌታቸው እሱ ነው፣ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አላነሳም። ማንቆርቆሪያውን በቀስታ አግዳሚው ላይ አስቀምጦ በጓሮ በር ወጣ። መኪናው መስበር የጀመረው ከአግዳሚው ፊት ነው። የኤልስፔት ስም ሳይነበብ ተሰባብሮ ከቆሻሻው በረዶ ጋር ጓሮ ተጣለ።

እኛስ? አጨበጨብን። ይኸው ነው እውነቱ። አንዳንዱ በፉጨት፣ አንዳንዱ በእግሩ እንጨቱን እየደበደበ። እኔ ራሴ «እሰይ» ብያለሁ። ለራስል ጭብጨባ እጄን ይቁረጠው እንዳልኩ ሁሉ ለዚህኛውም ይቁረጠው፤ እጅ አልተረፈኝም። ኦይቫ ከሞተሩ ክፍል ሲወጣ ማንንም አላየም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ማንቆርቆሪያ አነሳ። ሙሉ ነው፤ ገና ይሞቃል። እዚያው ይዞት ቆሞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኦይቫ አሥራ ሰባት ዓመት ኖረ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ማሞቂያ ይጠብቅ ነበር። በረዶ ሆኪ በቴሌቪዥን እንኳን አላየም። ስታዲየሙ የጎማ መሸጫ ሆነ። የኦይቫ ንግግር ደግሞ የከተማው ቀልድ ሆነ። ባር ውስጥ ሰዓቱ ደርሶ «ልንዘጋ ነው» ሲባል አንዱ ይነሳና «ቀትር ማለት ቀትር ነው ሚስተር ሃዶው» ይላል፤ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ኦይቫ ካለ ቢራ ይገዙለታል። ጀግና አደረግነው። እሱ ቢራውን ሳይነካው ኮቱን አንስቶ ይወጣል። ሽማግሌው ኩራተኛ ነው እንላለን።

አንድ ቀን፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው፣ ሬዣን ተከትሎት ወጣ። በመኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰበት።

«ቆይ እስቲ ኦይቫ። ሰው ሊያከብርህ ነው እኮ። ለምን ትሄድብናለህ?»

«ተወኝ ሬዣን።»

«አልተውህም። ያ ሰው ከተማችንን ገደለ፤ አንተ ብቻ ነህ የሥራውን የሰጠኸው። ይገባው ነበር።»

ኦይቫ መኪናው በር ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ። ፊቱ እንደዚያ ቀን ቀልቶ ነበር።

«ይገባዋል» አለ። «እሱማ ይገባዋል። ኤልስፔት ምን አድርጋኝ ነው?»